ረጅሙን የደች ቃል ከየት እንቁረጠው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሮተርዳም፣ ከአንትወርፕና ከዩትሬክት የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው አይተዋወቁም፤ የጠየቁት ግን ስለ አንድ ጉዳይ ነው። በደች ቋንቋ ሳይነጣጠሉ የሚጻፉት ረጃጅም ጥምር ቃላት ከየት ከየት እንደሚከፈሉና ሲነገሩ ኃይሉ በየትኛው ክፍላቸው ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ይፈልጋሉ። የደቹን ቃል በራሳችን ፊደል ስለምንጽፍ የቃሉን ክፍሎች በሰረዝ እንለያለን፤ ኃይል የሚያርፍበትን ክፍል ደግሞ በ‹ › ምልክት ውስጥ እናስቀምጣለን።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሮተርዳም መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደች ማንበብ ብዙ አያስቸግረኝም፤ ደብዳቤ ሲመጣልኝ የማላውቀውን ቃል መዝገበ ቃላት እያየሁ እረዳለሁ። የሚያስቸግረኝ መናገሩ ነው። በቅርቡ በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ቀርቤ ስለ መኖሪያ ፈቃዴ ስጠይቅ «ቨርብሌይፍስቨርኸኒንግ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ብናገርም ሠራተኛዋ አልገባትም። በመጨረሻ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት። እርሷ መልሳ ስትጠራው እኔ ከተናገርኩት የተለየ ፊደል አልሰማሁበትም። ምኑን ነው የተሳሳትኩት? ከዚህ የሚረዝሙትንስ እንዴት ልወጣቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ፊደሎቹን አስተካክለው እንደጠሩ አልጠራጠርም። የተዛባው ጫናው ይመስለኛል። ምናልባትም የመጀመሪያውን ክፍል አጉልተው «‹ቨር›-ብሌይፍስ» ብለው ይሆናል፤ አለዚያም እንደ አማርኛችን አምስቱንም ክፍሎች በእኩል ኃይል አውጥተዋቸዋል። ሠራተኛዋ የጠበቀችው ቨር-‹ብሌይፍስ›-ቨር-ኸን-ኒንግ የሚለውን ነው። ደች ተናጋሪ ረጅም ቃል ሲሰማ በመጀመሪያ ጎልቶ የወጣውን ክፍል ይይዝና ሌላውን ከእርሱ እየተነሣ ያገናኛል። የጎላው ክፍል ቦታውን ከለቀቀ ፊደሎቹ ሁሉ ቢሟሉም ቃሉ ለጆሮው እንግዳ ይሆንበታል።

ከዚህ በኋላ ደጋግሜ የምጠቀምባቸውን ሁለት ቃላት ላብራራ። «ቀለም» ስል አንድ አናባቢን ይዞ በአንድ ምት የሚወጣ የቃል ክፍል ማለቴ ነው፤ «ሰላም» ሁለት ቀለም አለው፣ ሰ እና ላም። «ጫና» ስል ደግሞ ከቀለሞቹ አንዱ ከሌሎቹ ጎላ፣ ከፍና ረዘም ብሎ መነገሩን ነው። በአማርኛ ቃልን ከቃል የምንለየው በጫና ሳይሆን በማጥበቅና በማላላት ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ይሆናል፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። ደች በዚህ ረገድ የእኛ ግልባጭ ነው። ማጥበቅ ትርጉም አይለውጥበትም፤ ጫና ግን ይለውጥበታል። «ቮርኮመን» የሚለው ግሥ ‹ቮር›-ኮ-መን ተብሎ ሲነገር መከሰት ማለት ነው፤ ቮር-‹ኮ›-መን ሲባል ግን እንዳይከሰት መከላከል ይሆናል። አጻጻፉ አንድ ነው፣ ፍቺው ግን እርስ በርሱ ይጋጫል። ስለዚህ እርስዎን ያጋጠመዎት ነገር የአነጋገር ለዛ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቃሉን ማንነት የሚነካ ነው።

አሁን ወደ ረጃጅሞቹ ልምጣ። ደች ስማር ያስተማሩኝ ሴት አንድ የማልረሳው ልማድ ነበራቸው። ረጅም ቃል በቀጭን ወረቀት ላይ ጽፈው ከመቀስ ጋር ያቀብሉንና «ይቁረጡት» ይሉናል። ቁራጮቹ ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቆመው ትርጉም የሚሰጡ ቃላት መሆን ነበረባቸው፤ ትርጉም የሌለው ቁራጭ ከተገኘ የተቆረጠው ከመገጣጠሚያው አይደለም ማለት ነው። አንድ ቀን የደረሰኝ ወረቀት ‹አር›-ቤይትስ-ኦን-ኸ-ስኺክት-ሄይትስ-ቨር-ዜ-ከ-ሪንግ የሚለውን ቃል የያዘ ነበር። ቃሉ 33 የላቲን ፊደልና 10 ቀለም አለው፤ ሰው በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ሲያቅተው ገቢውን የሚተካለትን መድን ያመለክታል። በመቀስ ሲቆረጥ ግን ሦስት ቃል ብቻ ሆነ፦ «አርቤይት» ሥራ፣ «ኦንኸስኺክትሄይት» ብቁ አለመሆን፣ «ቨርዜከሪንግ» መድን። በመካከላቸው ሁለት ትናንሽ «ኤስ»ዎች ቀሩ። እነርሱ ቃልን ከቃል የሚሰፉ ክሮች እንጂ የራሳቸው ፍቺ የላቸውም፤ ከቀዳሚው ቃል ጋር ተያይዘው ይነገራሉ።

የዚህ ቁርጥራጭ ጥቅሙ ከፍቺ ያልፋል፤ ጫናው የሚገኘውም በእርሱ ነው። ሁለት ስሞች ሲጣመሩ ዋናው ጫና በመጀመሪያው ቃል ላይ ያርፋል። ይህን ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ይናገሩታል፤ ነገር ግን «በመጀመሪያው ቃል ላይ» ማለትን «በመጀመሪያው ቀለም ላይ» አድርጎ የሚረዳው ተማሪ ብዙ ነው፣ እርስዎም የተሰናከሉት እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ትክክለኛው አነጋገር እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ቃል ብቻውን ሲነገር ጫናው የነበረበት ቦታ፣ ቃሉ ሌሎችን አስከትሎ ቢረዝምም አይለወጥም። «ቨርብሌይፍ» ማለትም ቆይታ ወይም ኑሮ፣ ብቻውን ሲሆን ቨር-‹ብሌይፍ› ተብሎ ይነገራል፤ ምክንያቱም በደች «ቨር»፣ «በ»፣ «ኸ» እና «ኦንት» የሚሉት መነሻ ቅጥያዎች ጫና አይሸከሙም። «ቨርኸኒንግ» ማለትም ፈቃድ፣ ከኋላው ሲቀጠል የብሌይፍ ጫና ባለበት ይጸናል፣ የኋለኛው ቃል ጫና ደግሞ ለስለስ ብሎ ሁለተኛ ደረጃ ይይዛል። ግብር «በላስቲንግ» በ-‹ላስ›-ቲንግ ስለሆነ የገቢ መግለጫው በ-‹ላስ›-ቲንግ-አን-ኺፍ-ተ ይሆናል። ማዘጋጃ ቤትን የሚያመለክተው «ኸሜንተ» ኸ-‹ሜን›-ተ ስለሆነ የምክር ቤቱ ምርጫም ኸ-‹ሜን›-ተ-ራትስ-ቨር-ኪ-ዚን-ገን ነው፤ ስምንት ቀለም ሲሆን ዋናው ጫና ሁለተኛው ላይ ነው። (ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር፦ የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት የሌለው ሰው በኔዘርላንድ አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ያለማቋረጥ ከኖረ በዚህ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ምርጫው በየአራት ዓመቱ ነው። ቃሉን አጥርቶ መጥራት የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣልና ከአሁኑ ይለማመዱት።)

«ቨርዜከሪንግ» ብቻውን ቨር-‹ዜ›-ከ-ሪንግ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከፊቱ ጤና እንክብካቤን የሚያመለክተው «ዞርኽ» ሲገባ ‹ዞርኽ›-ቨር-ዜ-ከ-ሪንግ ይሆናል። ዜ የነበራትን የበላይነት ለዞርኽ አስረክባ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ወረደች፤ ፈጽማ ግን አልጠፋችም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ብቻውን የተማርነውን ቃል በጥምሩ ውስጥም እንደ ቀድሞው ስለምናጎላው ነው፤ ያን ጊዜ ሰሚው ሁለት የተለያዩ ቃላት የሰማ ይመስለዋል።

የመጨረሻው ቃል ደግሞ ሌላ ሥልጣን አለው። ነገሩ ምን እንደሆነ የሚናገረው፣ «ደ» ወይም «ኸት» የሚለውን መስተኣምር የሚወስነውና ብዙ ቁጥር የሚቀበለው እርሱ ነው። ቤት የሚለው «ሆይስ» ኸት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሆስፒታል፣ ቃል በቃል የሕሙማን ቤት የሆነው ‹ዚ›-ከን-ሆይስ፣ እርሱም ኸት ነው። በዚህ ደች ከ«ትምህርት ቤት» እና ከ«ምግብ ቤት» ጋር ይመሳሰላል፤ ከግዕዝ ከወረስነው ከ«ቤተ መንግሥት» ግን ይለያል፣ በዚያኛው ቤቱ የሚቀድም ነውና። ስለዚህ ረጅም ቃል ሲያጋጥምዎት ፍቺውን ከመጨረሻው ይጀምሩ፣ ጫናውን ግን ከመጀመሪያው ይፈልጉ።

የራሳችን ፊደልና የራሳችን ልማድ የሚያመጡብንን ሁለት መሰናክል ሳልናገር ይህን መልስ አልዘጋም፤ ሌሎች የውጭ አገር ተማሪዎች በዚህ መልክ አይገጥማቸውም።

የመጀመሪያው ሳድስ ነው። እኔ ደች ስጀምር ደብተሬን ለሁለት ከፍዬ በግራ የደቹን ጽሑፍ፣ በቀኝ ደግሞ በፊደል አነባበቡን እጽፍ ነበር። ይህ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው፣ ክፋትም የለውም፤ ሳድሱ ግን አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ያለው፣ አንዳንድ ጊዜ የሌለው መሆኑን ፊደሉ አይነግረንም። በአማርኛ ቃሉን ስለምናውቀው አያደናግረንም፤ በደች ግን ያታልለናል። የፍርሃት ጩኸት ማለት የሆነውን «አንግስትስኽሬው» ይመልከቱት። በፊደላችን ዘጠኝ ሆሄ ነው፣ በላቲኑ ደግሞ በ13 ፊደል ይጻፋል፤ በመካከሉ ስምንት ተነባቢ ፊደላት ያለ አንድ አናባቢ ተሰልፈዋል። ቀለሙ ግን ሁለት ብቻ ነው፦ ‹አንግስት›-ስኽሬው። እኛ በእያንዳንዱ ሳድስ ላይ ትንሽ አናባቢ ጣል ስለምናደርግ አምስትና ስድስት ቀለም እናደርገዋለን። መንገድ የሚለውን «ስትራት»ንም «እስትራት» እንላለን። ስለዚህ የባቡር ጣቢያ ጎዳና ስታ-‹ሾንስ›-ስትራት በሦስት ቀለም መውጣት ሲገባው በአፋችን ላይ ከእጥፍ በላይ ይሰፋና ጫናው የት እንደነበረ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቃሉን ከማውጣትዎ በፊት እያንዳንዱን አናባቢ በጣትዎ ጠረጴዛ ላይ ይምቱ፣ ከምቱ ቁጥር በላይ ቀለም አያውጡ። ደቾቹም ራሳቸው እንደ እኛ የሚያደርጉበት ቦታ አለ፦ ወተትን «ሜልክ» ሳይሆን «ሜለክ»፣ ፊልምን «ፊለም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ ግን ከ«ኤል» እና ከ«ኤር» በኋላ በሚመጡ ጥቂት ተነባቢዎች የተወሰነ ነው፤ በ«ስትራት» ላይ ፈጽሞ አያደርጉትም።

ሁለተኛው ማጥበቅ ነው። በደች ጽሑፍ ተነባቢ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ስናይ ወዲያው እናጠብቀዋለን፤ ሆኖም ያ ድርብ ፊደል ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን የሚያመለክት ብቻ ነው። ዛፍ «ቦም» በረጅም አናባቢ ሲበዛ «ቦመን» ይሆንና በአንድ «ኤም» ይጻፋል፤ ፈንጂ «ቦም» በአጭር አናባቢ ሲበዛም «ቦመን» ነው፣ የሚጻፈው ግን በሁለት «ኤም» ነው። የቀለም አከፋፈል በደች አጻጻፍ ውስጥ ይህን ያህል ሥር የሰደደ ነው። ቀለሙ በአናባቢ ሲያልቅ ረጅሙ አናባቢ በአንድ ፊደል ይበቃዋል፤ በተነባቢ ሲዘጋ ግን ሁለት ፊደል ይፈልጋል፣ አጭሩ ደግሞ አንድ ብቻ። በሁለቱም «ቦመን» ግን መ ላልታ ትነገራለች። እላይ ቨር-ኸን-ኒንግ ብዬ የጻፍኩት በጽሑፍ አከፋፈሉ ስለሆነ እርስዎ ሲናገሩት «ኒ»ን አያጥብቁት። በጥምር ቃል መገጣጠሚያ ላይም ሕጉ ያው ነው፦ ፎጣ ማለት የሆነው «ሃንዱክ» በሁለት «ዴ» ይጻፋል፣ የሚሰማው ግን አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው በአንትወርፕ ነው። የአሥር ዓመት ልጄ በቤት ሥራው ላይ «አቮንትኤተን» የሚለው ቃል በመስመር መጨረሻ ስላልበቃው «አቮን» ብሎ ሰረዝ አድርጎ «ደተን» የሚለውን ወደ ታች አወረደው። መምህሩ በቀይ አርሞታል። ልጄ «ሁለት ተነባቢ ጎን ለጎን ሲሆኑ በመካከላቸው ይቆረጣል ተብለናል» እያለ ይከራከረኛል፤ ልረዳው አልቻልኩም። የመስመር መጨረሻ አቆራረጥ በኔዘርላንድና በቤልጅግ ይለያያል? ደግሞስ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር በእርግጥ ይጠቅማል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎ የጠቀሰው ሕግ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው በአንድ ቃል ውስጥ ነው። ጥምር ቃል ሲሆን ከሁሉ የሚቀድመው መገጣጠሚያው ነው፦ የምሽት ምግብ «አቮንት» ምሽትና «ኤተን» መብላት ስለሆነ የሚቆረጠው አቮንት-ኤተን ተብሎ ነው። ለዚህ ጆሮም ይመሰክራል። «አቮንት» በጽሑፍ የሚያልቀው በ«ዴ» ነው፤ በደች በቃል መጨረሻ የሚመጣ «ዴ» ግን «ት» ሆኖ ይነገራል። አናባቢ በሚያስከትለው በዚህ ጥምር ቃል ውስጥ እንኳ «ት» እንደሆነ ይቀራል፣ ወደ «ድ» አይመለስም። ምላሳቸው «አቮንት» እዚያ ላይ ማብቃቱን አልዘነጋም ማለት ነው። ልጅዎን ይህን ቃል ጮክ ብሎ እንዲናገር ያድርጉት፤ «ት»ን ራሱ ሲሰማ መቁረጫውን ያገኘዋል። በዚሁ ቃል መጀመሪያ ላይ ያለችውን «አ» ብቻዋን ቆርጦ በመስመሩ መጨረሻ መተውም አይፈቀድም፤ አንድ አናባቢ ፊደል ብቻዋን አትቀርም።

ከመገጣጠሚያው ቀጥሎ በየቃሉ ውስጥ የሚሠራው ሕግ አጭር ነው። በሁለት አናባቢ መካከል አንድ ተነባቢ ካለ ወደሚቀጥለው ቀለም ያልፋል፤ ሁለት ካሉ ይካፈላሉ። «ኽ» ብለን የምንሰማው በላቲኑ «ሴ» እና «ሃ» ተጣምረው የሚጻፉት ድምፅ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ አይነጣጠልም። የሚገርመው «ኤን» እና «ኼ» ተጣምረው የሚጻፉት ነው፤ በአፍ አንድ ድምፅ ሆነው ሳለ በጽሑፍ ይለያያሉ፣ ስለዚህ መዘመር «ዚን-ገን» ተብሎ ይቆረጣል። በዚህ ላይ የጽሑፍ አቆራረጥና የንግግር ቀለም አይገጥሙም፤ ሕጉን እንዳለ መያዝ እንጂ ምክንያት መፈለግ አያዋጣም።

ሕጉ በሁለቱ አገሮች አንድ ነው። ኔዘርላንድና ቤልጅግ በ1980 የደች ቋንቋ ኅብረትን መሥርተው አጻጻፍን በጋራ ይደነግጋሉ፤ ሱሪናም በ2004 በተባባሪ አባልነት ተቀላቅላለች። የ1995ቱ የአጻጻፍ ማሻሻያ ለምሳሌ ቀድሞ ያለ «ኤን» ይጻፍ የነበረውን ፓንኬክ «ፓነኩክ» ከመካከሉ «ኤን» እንዲገባበት አድርጓል፤ በንግግር ግን ያቺ «ኤን» በአብዛኛው አትሰማም። የሚሰማውና የሚጻፈው በአንድ ትንሽ የመገጣጠሚያ ፊደል ላይ እንኳ ሊለያዩ እንደሚችሉ ልጅዎ ከአሁኑ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ይጠቅማል ወይ ስላሉት፣ በጣም ይጠቅማል እላለሁ። ደቾች ራሳቸው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበትን አንድ ቃል ላሳይዎት። «ዴይክራምፕ» ከዴይክ በኋላ ሲቆረጥ፣ ዴይክ-ራምፕ፣ ባሕርን የሚያግደው ግድብ አደጋ ይሆናል። አንድ ፊደል ወደ ግራ ሸሽቶ ሲቆረጥ፣ ዴይ-ክራምፕ፣ የጭን ቁርጥማት ነው። አገሪቱ የመጀመሪያውን ፍቺ በደም የምታውቀው ናት፤ በጥር 31 ሌሊት ለየካቲት 1 ቀን 1953 አጥቢያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሰሜን ባሕር ማዕበል በዜላንድና በአካባቢው ግድቦችን ሰብሮ በኔዘርላንድ ብቻ 1,836 ሰዎች ሞተዋል። ያ ጥፋት ‹ዋ›-ተርስ-ኖት-ራምፕ ይባላል። ጋዜጣ በጠባብ ዓምድ ስለ ግድብ አደጋ ሲጽፍ ሰረዙን አንድ ፊደል ቢያሳስት የአንባቢው ዓይን ቁርጥማት ላይ ይወድቃል። ወጥመድ ማለት የሆነው «ቫልኮይል»ም እንዲሁ ነው፦ ቫል-ኮይል መውደቂያ ጉድጓድ ሲሆን፣ ቫልክ-ኦይል ቢቆረጥ ጭልፊትና ጉጉት ይሆናሉ።

በእነዚህ በሁለቱ ጫናው አያድነንም፣ በየትኛውም አቆራረጥ የመጀመሪያው ቀለም ላይ ነውና። የሚያድንበት ደግሞ አለ። «ማሳኸቤት» በጽሑፍ አንድ ቃል ነው። «ማሳ» ማለትም ብዙ ሕዝብና «ኸቤት» ማለትም ጸሎት ተጣምረው ከሆነ የሕዝብ ጸሎት ይሆንና ‹ማ›-ሳ-ኸ-ቤት ተብሎ ይነገራል። «ማሳዠ» ማለትም ማሸትና «ቤት» ማለትም አልጋ ከሆኑ ግን የማሻ አልጋ ነው፤ አነባበቡም ማ-‹ሳ›-ዠ-ቤት ይሆናል። እዚህ ላይ ጫናው ብቻ ሳይሆን አንዱ ተነባቢም ይለወጣል። ጽሑፉ ሊያሳስት ይችላል ብለው በሰጉ ጊዜ በመገጣጠሚያው ላይ ሰረዝ ማስገባት ይፈቀዳል፤ እንዲያውም በመገጣጠሚያው ላይ ተቀላቅለው የሚነበቡ አናባቢዎች ሲገናኙ ግዴታ ነው፣ የመኪና አደጋ «አውቶ-ኦንኸለክ» የሚጻፈው በሰረዝ ነው። ልጅዎ ጸሎቱንና አልጋውን በቃሉ ቢለያቸው መምህሩ ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ ከዩትሬክት ነው የምጽፍልዎ፣ አባቴ። የቋንቋ መምህራችን የጥምር ቃል ጫና በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው ብላ አስተምራናለች። እኔም እንዲሁ ስናገር፣ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ ‹ስታት›-ሆይስ ስል፣ የሥራ ባልደረባዬ ስታት-‹ሆይስ› ነው ብሎ አረመኝ። ከሁለቱ ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መምህርሽ ሕጉን፣ ባልደረባሽ ደግሞ ልማዱን ነገሩሽ። ስታት-‹ሆይስ› በቃል ከሚያዙት ጥቂት አፈንጋጮች አንዱ ነው። ከንቲባውም በር-ኸ-‹ሜስ›-ተር፣ በክረምት ከድንች ጋር ተፈጭቶ የሚበላው ቅጠላ ቅጠልም ቡ-ረን-‹ኮል› ነው። የከተማ ስሞችንም ከዚሁ ቁጠሪያቸው፤ አምስተርዳም በአምስተል ወንዝ ላይ የተሠራ ግድብ፣ ሮተርዳም በሮተ ወንዝ ላይ የተሠራ ግድብ ማለት ሲሆኑ፣ እንደ ሕጉ ቢሆን የወንዙ ስም መጉላት ነበረበት፤ የሚነገረው ግን አም-ስተር-‹ዳም› እና ሮ-ተር-‹ዳም› ነው።

ከእነዚህ የተለየ ግን ሥርዓት ያለው ሌላ ቡድን አለ፤ ይህን ብትይዢ ብዙ ቃል ይቃናልሻል። የጥምሩ ፊተኛ ክፍል አንድ ስም ሳይሆን ቅጽልና ስም የያዘ ሐረግ ሲሆን፣ ጫናው ወደ ቅጽሉ ሳይሆን ቅጽሉ ወደሚገልጸው ስም ይሄዳል። ፈጣኑ የባቡር መስመር ሆ-ኸ-‹ስኔል›-ሄይትስ-ሌይን ነው፤ «ሆኸ» ከፍተኛ፣ «ስኔልሄይት» ፍጥነት፣ «ሌይን» መስመር። የረጅም ጊዜ ዕቅድም ላን-ገ-ተር-‹ሜይን›-ፕሌን-ኒንግ ይባላል፣ «ላንገ» ረጅም ሆኖ ሳለ ሳይጎላ ይታለፋል። ቅጽሉ «ገ»፣ «ደ»፣ «ኸ» ወይም «ተ» የምትል ድምፅ ይዞ ሲያልቅ ብታዪ ሐረግ እንደሆነ ጠርጥሪ። የአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ምሽት አው-ደ-ያርስ-‹አ›-ቮንት ግን ከዚህም ርቆ እስከ መጨረሻው ቃል ይሻገራል፤ እርሱን እንደ ስታት-‹ሆይስ› በቃልሽ ያዢው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ በፈተናም በሥራም ያጋጥምሻልና። ጥምር ወይም ቅጥያ ያለው ስም «ኽ» በሚባል ወይም «ለክ» በሚባል መድረሻ ቅጽል ሲሆን ጫናው ከመድረሻው ፊት ወዳለው፣ ጫና ሊሸከም ወደሚችለው ቀለም ይሳባል። ሳይንስ ‹ዌ›-ተን-ስኻፕ ነው፣ ሳይንሳዊ ግን ዌ-ተን-‹ስኻ›-ፐ-ለክ። አደጋ ‹ኦን›-ኸ-ለክ ሲሆን፣ ያልታደለ ወይም ያዘነ ሰው ኦን-ኸ-‹ለ›-ከኽ ይባላል። ሐኪም ፊት ቀርበሽ ስለ አደጋ ስትናገሪ «ኦን»ን አጉዪው፤ ስለ ከፋው ሆድሽ ስትናገሪ ደግሞ «ለ»ን። አደጋው የመኪና ከሆነ ‹አው›-ቶ-ኦን-ኸ-ለክ በዪ፤ ያን ጊዜ ዋናው ጫና «አው» ላይ ያርፋል፣ «ኦን» ሁለተኛ ደረጃ ይዛ ትከተላለች።